አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒዩተር

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



የመንገድና የድልድይ ንድፍ የሚያወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ይታሰብ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተገዛው የስሌት ፕሮግራም በአንድ ጥግ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። በዚያ ፕሮግራም የተሰላው ድልድይ ዛሬም ከባድ መኪና ያሳልፋል። ድልድዩ እንዲሰፋ ትእዛዝ በመጣ ዕለት የመጀመሪያው ጥያቄ «የቀድሞው ስሌት የት ነው?» የሚል ይሆናል። ስሌቱ አለ፤ ፋይሉም አልጠፋም። ነገር ግን አሮጌው ኮምፒዩተር አልነሣም ብሏል፤ አዲሱም ፕሮግራሙን አላውቅህም ይለዋል። እንግዲህ ድልድዩ ቆሞ፣ ፋይሉም በእጅ ላይ ሆኖ፣ ሁለቱን ያገናኝ የነበረው የዕውቀት መንገድ ተቋርጧል ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል፣ ለዚህም ቨርቹዋል ማሽን የተባለው ዘዴ ምን ያህል እንደሚያገለግልና የአገልግሎቱ ወሰን የት ላይ እንደሆነ ማስረዳት ነው። የነገሩ ፍሬ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ቨርቹዋል ማሽን ለአሮጌ ፕሮግራም የሚሰጠው ዘለዓለማዊ ሕይወት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ ካልተሠራበት ጥቅሙ ችግሩን ለተተኪው ትውልድ ከማስተላለፍ አያልፍም። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራም የሚያረጀው እንዴት ነው?

የማሽን ጥርስ ይበላል፤ ጎማ ይሳሳል፤ ብረት ይዝጋል። ፕሮግራም ግን በቁጥር የተጻፈ ትእዛዝ በመሆኑ አይበላም፣ አይዝግም። በ1985 የተጻፈ ፕሮግራም ቅጂው በትክክል ተጠብቆ ከቆየ ዛሬም ያው ነው። የሚለወጠው በዙሪያው ያለው ሁኔታ ነው፤ ይህም ለውጥ በአራት በኩል ይመጣል።

አንደኛው ለውጥ የሚመጣው የኮምፒዩተሩ አንጎል ከሆነው ከፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል በ1978 ያወጣው 8086 የተባለው ፕሮሰሰር የ16 ቢት ነበር፤ በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተርም የተመሠረተው በዚያው ቤተሰብ ላይ ነው። በ1985 የወጣው 80386 ወደ 32 ቢት ሲያድግ ታላላቆቹን አልካደም፤ «ቨርቹዋል 8086» የሚባል የአሠራር ስልት በውስጡ ስለ ተበጀለት፣ ብዙ የዶስ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችል ነበር። የዚሁ ቤተሰብ የ64 ቢት ፕሮሰሰሮች በ2003 ብቅ ሲሉ ግን ይህ ስልት በ64 ቢት አሠራር ውስጥ እንዳይኖር ተደረገ። ከዚህም የተነሣ የ64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም አይቀበልም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ ብቻ የሚሠራ ነው።

ሁለተኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለውጥ ነው። የዶስ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን ብቻውን እንደያዘ ቆጥሮ ስክሪኑንም ሆነ ማተሚያውን በቀጥታ ያዝዝ ነበር፤ የኋለኞቹ ሲስተሞች ይህን ነፃነት ከፕሮግራሞች ላይ ወስደዋል።

ሦስተኛው የተጓዳኝ መሣሪያዎች መጥፋት ነው። ፍሎፒ ዲስክ የሚያነብበው ክፍልና ማተሚያ የሚሰካበት ባለ 25 ቀዳዳ ሶኬት ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ጠፍተዋል። ብዙ የምሕንድስና ፕሮግራሞች ደግሞ በዚያ ሶኬት ላይ ዶንግል የሚባል ትንሽ ቁልፍ ካልተሰካላቸው አይከፈቱም።

አራተኛው ለብዙዎች የማይታሰበው የፍጥነት ለውጥ ነው። በቱርቦ ፓስካል 7 የተሠሩ በርካታ ፕሮግራሞች፣ ፕሮሰሰሮች 200 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲደርሱ ገና ሲከፈቱ «ስሕተት 200» እያሉ መቆም ጀመሩ። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሲጀምር የኮምፒዩተሩን ፍጥነት ለመለካት በአጭር ጊዜ ውስጥ ስንት ዙር እንደሚቆጥር አይቶ ቁጥሩን ለ55 ያካፍላል፤ ኮምፒዩተሩ በጣም ፈጣን ሲሆን ውጤቱ ከተመደበለት የ16 ቢት ቦታ ሞልቶ ይፈስሳል። ፕሮግራሙን የጣለው የአዲሱ ኮምፒዩተር ድካም ሳይሆን ብርታቱ መሆኑ ነው።

የዘዴው አመጣጥ

አሮጌውን በአዲሱ ላይ የማስኬድ ጭንቀት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. በኤፕሪል 1964 ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒዩተር ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ፣ ደንበኞቹ በ1959 ለወጣው 1401 ለተባለው ኮምፒዩተር ያስጻፏቸው የደመወዝና የሒሳብ ፕሮግራሞች በእጃቸው ነበሩ። ሲስተም/360 ከ1401 ጋር በአሠራር አይገጥምም። ደንበኞቹ ሁሉን እንደ አዲስ ያስጽፉ ቢባል ደግሞ ተወዳዳሪው ሃኒዌል የ1401ን ፕሮግራሞች መለወጫ ያለው 200 የተባለ ኮምፒዩተር ቀደም ብሎ በ1963 መጨረሻ ለገበያ አቅርቦ ይጠብቃቸው ነበር። ስለዚህ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች በአንዳንዶቹ የሲስተም/360 ሞዴሎች ውስጥ የ1401ን ትእዛዞች እየተረጎመ የሚፈጽም ማይክሮኮድ አስገቡ። ይህ ኢሙሌሽን ተባለ፤ በአማርኛ ማስመሰል ቢባል አይርቅም።

ቨርቹዋል ማሽን ከዚህ ጥቂት ይለያል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ በኬምብሪጅ ከተማ ይገኝ የነበረው የአይ.ቢ.ኤም. የሳይንስ ማእከል በ1967 ሲ.ፒ.-40 የተባለውን ሲስተም ሥራ ላይ አዋለ። ይህ ሲስተም አንድን ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች ሲያካፍል፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮምፒዩተር ለብቻው የያዘ ያህል ሆኖ ይሠራ ነበር። ሐሳቡ አድጎ በ1972 ቪ.ኤም./370 በሚል ስም ለደንበኞች ሁሉ ቀረበ። በ1974 ደግሞ ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ቨርቹዋል ማሽን ሊያሟላቸው የሚገቡትን ሦስት ነገሮች ለይተው ጻፉ። እነርሱም በእውነተኛው ኮምፒዩተር ላይ የሚገኘውን ውጤት መስጠት፣ አብዛኛውን ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያለ ተርጓሚ እንዲፈጽመው ማድረግ፣ የኮምፒዩተሩንም ሀብት ሁሉ በተቆጣጣሪው እጅ ማቆየት ናቸው።

የግል ኮምፒዩተሮች ፕሮሰሰር ይህን ሕግ ለረጅም ጊዜ አላሟላም ነበር። አንዳንዶቹ ትእዛዞቹ ሥልጣን በሌለው ፕሮግራም ሲሰጡ ተቆጣጣሪውን ሳያስጠነቅቁ የተለየ ውጤት ይሰጡ ነበርና። ቪ.ኤም.ዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 ባወጣው ምርት እነዚህን ትእዛዞች በሥራ ላይ እንዳሉ እየለወጠ ችግሩን አለፈው። ኢንቴል በ2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ለዚሁ ተግባር የተለየ ድጋፍ ካስገቡ በኋላ ግን ቨርቹዋል ማሽን በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ በሚገኝ ኮምፒዩተር የሚሠራ ተራ ነገር ሆነ። በ2007 የወጣው ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ አንድ አነስተኛ ቢሮ ያለ ወጪ ሊሞክረው ይችላል።

አሠራሩ

አዲሱ ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚነሣው አሮጌ ሲስተም ደግሞ እንግዳ ይባላል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ተቆጣጣሪ ሃይፐርቫይዘር ነው። እንግዳው ሲነሣ የራሱን ዲስክ፣ የራሱን ሜሞሪ፣ የራሱን ስክሪን ያገኛል፤ ግን ዲስክ የመሰለው በአስተናጋጁ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ሜሞሪውም ከአስተናጋጁ የተከፈለለት ድርሻ ነው። እንግዳው በቤቱ ያለ ይመስለዋል፤ የቤቱ ቁልፍ ግን በባለቤቱ እጅ ነው።

ከዚህ ሁለት ትልልቅ ጥቅሞች ይገኛሉ። ዲስኩ ፋይል በመሆኑ መላው አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ከፕሮግራሙና ከቅንብሩ ጋር፣ እንደ አንድ ደብዳቤ ሊገለበጥና በሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲሁም ከማንኛውም ሙከራ በፊት እንግዳው ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ ማቆየትና ሙከራው ሲበላሽ ወደዚያው መመለስ ይቻላል።

በዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው በቨርቹዋል ማሽንና በኢሙሌተር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቨርቹዋል ማሽን የአስተናጋጁን ፕሮሰሰር በቀጥታ ስለሚጠቀም ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱ ግን አሮጌውን ፕሮግራም ካስቸገረው ችግሩ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥም ይከተለዋል። ከላይ የተነገረው የቱርቦ ፓስካል ስሕተት እዚያም ይታያል። ለዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም የሚሻለው እንደ ዶስቦክስ ያለው፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ እየተረጎመ ፍጥነቱንም እንደ ተፈለገው የሚቀንሰው ኢሙሌተር ነው። የአስተናጋጁ ፕሮሰሰር ከሌላ ቤተሰብ ሲሆንም እንደዚሁ ኢሙሌተር ግድ ይሆናል፤ አፕል ከ2020 ጀምሮ በራሱ ፕሮሰሰር የሚሠራቸው ማክ ኮምፒዩተሮች ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

በአሮጌ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ከምሕንድስና ስሌት አልፎ ወደ ጽሑፍም ይደርሳል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0ኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በ8 ቢት የሚሠሩ በመሆናቸው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበራቸው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ተግባር የተያዘ ነው። ዩኒኮድ ለፊደላችን፣ ከአኃዙና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር፣ በዚያ ዕትም የመደበው ግን ከ340 በላይ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍሎ አስቀመጠ፤ አደላደሉንም እያንዳንዱ አምራች በየራሱ መንገድ አደረገው። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ «ውል» በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ድርድር ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፉት ቃለ ጉባኤዎች፣ ውሎችና የጥናት ጽሑፎች በዚህ አኳኋን በየዲስኩ ተቀምጠው የቀሩ ናቸው። ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ለመለወጥ የትኛው ምልክት የትኛውን ፊደል እንደሚወክል በእርግጥ መታወቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የተጻፈበት ፕሮግራም ራሱ ነው። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሰነዱ በመጀመሪያ መልኩ ከታየ በኋላ፣ የተለወጠው ጽሑፍ ከዚያ ጋር ፊደል በፊደል ሊመሳከር ይችላል። ያለዚህ ማመሳከሪያ በግምት የተለወጠ ውል፣ አንድ ፊደል ስቶ የአንድን ሰው ስም ወይም የአንድን ቦታ ወሰን ሊለውጥ ይችላል።

የዝውውሩ ሥራ

ሥራው መጀመር ያለበት አሮጌው ኮምፒዩተር በሕይወት ሳለ ነው። የሞተ የሚመስለውም ሁሉ የሞተ ላይሆን ይችላል፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ብዙ የቆዩ ኮምፒዩተሮች የዲስካቸውን ዓይነት ስለሚረሱ አይነሡም፤ ባትሪዋ ተለውጣ ቅንብሩ ሲመለስ ይነሣሉ። ኮምፒዩተሩ እንደ ተነሣ ቀዳሚው ሥራ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ፋይል መገልበጥ ነው። በሚገለበጥበት ጊዜ በዲስኩ ላይ ምንም እንዳይጻፍ መጠንቀቅ፣ ከተገለበጠም በኋላ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዋናው ቅጂ አይነካም፤ ሙከራው ሁሉ የሚደረገው በሌላ ቅጂ ላይ ነው።

ቅጂው በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲነሣ እንቅፋት መምጣቱ አይቀርም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ዲስክ፣ የሚገጥመው የዲስክ መቆጣጠሪያ ድንገት ሌላ ሲሆንበት በሰማያዊ ስክሪን ሊቆም ይችላል፤ መሣሪያው ተለውጧል ብሎም የፈቃድ ማረጋገጫ እንደገና ይጠይቃል። በማተሚያ ሶኬት ላይ የሚሰካው ቁልፍ ደግሞ ከሁሉ ያስቸግራል። በዩኤስቢ የሚሠሩት ርካሽ መቀየሪያዎች በአብዛኛው ለማተሚያ ብቻ ስለሚያገለግሉ፣ እውነተኛ ሶኬት ያለው አስተናጋጅ መፈለግ ግድ ይሆናል። የፕሮግራሙም የአጠቃቀም ፈቃድ በቨርቹዋል ማሽን መሥራትን የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድሞ ማንበብ የሕግም የሙያ ጨዋነትም ጉዳይ ነው።

ፕሮግራሙ ተከፈተ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ለመሐንዲስ ዋናው ጥያቄ የሚሰጠው ውጤት ያው የቀድሞው ነውን የሚል ነው። በወረቀት ታትመው ከቆዩት የቀድሞ ስሌቶች ጥቂቶቹ ተመርጠው እንደገና ይሰሉ፤ ቁጥሮቹም እስከ መጨረሻው አኃዝ ይመሳከሩ። ልዩነት ቢገኝ ጥፋቱ የግድ የአዲሱ አይደለም። በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር በአንዳንድ የማካፈል ስሌቶች ላይ እንደሚሳሳት ታውቆ፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ፕሮሰሰሩን ለጠየቀ ሁሉ ለመለወጥ ተገድዷል። ስለዚህ የልዩነቱ ምክንያት ተፈልጎ ይገኝ እንጂ አሮጌው ውጤት አሮጌ በመሆኑ ብቻ እንደ እውነት አይወሰድ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ወቅታዊ ጥገና ያልተደረገላቸውን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች በኔትዎርክ እየዘለለ በብዙ አገሮች ባጠቃ ጊዜ፣ ኩባንያው ከልማዱ ወጥቶ ለተተወው ኤክስፒም ማስተካከያ አውጥቷል። አሮጌ ሲስተም በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለ ገባ ብቻ ድክመቱ አይለቀውም። ስለዚህ የእንግዳው የኔትዎርክ መስመር ይቆረጥ፤ ፋይል ማስገባትና ማውጣት ሲያስፈልግ ኃላፊነት በተሰጠው ሰው በኩል ይደረግ።

የዘዴው ወሰን

በ1986 የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ በ1086 የተጻፈውን የዱምስዴይ የመሬትና የሀብት መዝገብ 900ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ የዘመኑን የብሪታንያ ኑሮ የሚያሳይ አዲስ መዝገብ በሌዘር ዲስክ ላይ አወጣ። በሥራው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደ ተሳተፉ ይነገራል። ዲስኮቹን የሚያነብበው መሣሪያና የሚያስኬደው የቢ.ቢ.ሲ. ማስተር ኮምፒዩተር ብዙም ሳይቆዩ ከገበያ ጠፉ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው መዝገቡን የማንበብ ችግር ተፈጠረ፤ በ2002 የሊድስና የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ጥናት አሮጌውን ኮምፒዩተር በኢሙሌተር አስመስሎ መዝገቡን እንደገና ለማሳየት ቻለ። በብራና የተጻፈው የ1086ቱ መዝገብ ግን ዛሬም በዓይን ይነበባል። ብራና አጠገብ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ንጽጽር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። ማስመሰልም ሆነ ቨርቹዋል ማሽን ጠፋ የተባለውን ሊመልስ እንደሚችል ያረጋግጣል። በሌላ በኩል ግን ቨርቹዋል ማሽኑ ራሱ ፕሮግራም ነው፤ እርሱም ያረጃል። ዛሬ በአንድ ኩባንያ ሃይፐርቫይዘር የተቀመጠ ፋይል ነገ ኩባንያው ሥራውን ቢያቆም ሌላ የሚከፍተው መፈለግ ሊያስፈልግ ነው። ሁኔታን መዝግቦ የማቆየቱ ዘዴም ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር መምታታት የለበትም፤ ዲስኩ ሲሞት ሁሉም አብሮ ይሞታልና።

ስለሆነም በቨርቹዋል ማሽን የተገኘው ጊዜ ለሦስት ነገሮች ይዋል። አንደኛ፣ በአሮጌው ፕሮግራም ብቻ የሚከፈተው ሥራ በማንኛውም ኮምፒዩተር ወደሚነበብ መልክ ይውጣ፤ ሠንጠረዡ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ሥዕሉ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ.፣ አማርኛው ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ በምን ቀመርና በየትኛው የንድፍ ደንብ እንደሚያሰላ፣ ፋይሎቹም ምን ምን እንደያዙ በወረቀት ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ይህን የሚያውቀው አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ብቻ ከሆነ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ለወጣቱ ያስረክብ። አሮጌ ኮምፒዩተርን ማስመሰል ይቻላል፤ ያንን ቁጥር ለምን እንዳስገባ የሚያውቀውን ሰው ማስመሰል ግን አይቻልም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በንግግሩ መግቢያ ላይ የተጠቀሰው ድልድይ ዛሬም መኪና ያሳልፋል። ዕድሜው ከኮምፒዩተሩም፣ ከፕሮግራሙም፣ ምናልባትም ካሰሉት ሰዎች የሥራ ዘመን ይበልጣል። የመሐንዲስ ሥራ ከመሣሪያው በላይ የሚኖር እስከሆነ ድረስ፣ የሥራውን ማስረጃ ከመሣሪያው ጋር እንዲሞት መተው የኃላፊነት ጉድለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ አቧራ የለበሰውን ኮምፒዩተር አንድ ቀን አስነሥቶ፣ በውስጡ ምን እንዳለ መዝግቦ፣ ቅጂውን ማውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ዲስኩ ከተሰበረ በኋላ ግን በብዙ ወጪም ላይገኝ ይችላል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።